«ለሐኪምዎ ይንገሩ» የምትለዋ ወረቀት

የመድኃኒት ሣጥን ስትከፍቱ ከክኒኑ ቀድማ እጃችሁ ላይ የምትወጣ ወረቀት አለች። ስስ ናት፣ ደጋግማ ታጥፋለች፣ ፊደሏ ከሰናፍጭ ፍሬ ያንሳል። አንዴ ከተዘረጋች ደግሞ መልሶ ለማጠፍ ትዕግሥት ይጠይቃል። አብዛኞቻችን ሳናነባት ወደ ቆሻሻ ቅርጫት እንወረውራታለን። እንግዲህ መጽሐፍ ይተቻል፣ ፊልም ይተቻል፣ ዘፈን ይተቻል። በብዛት ታትማ በጥቂቱ የምትነበበው ይህችስ ለምን አትተችም?

ለዛሬ የመረጥኩት የፍሉኦክሴቲንን ወረቀት ነው። ፍሉኦክሴቲን ለድባቴ ወይም ለዲፕሬሽን የሚታዘዝ ክኒን ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ ፈቃድ ሲያገኝ ፕሮዛክ በሚለው ስሙ ዓለም አወቀው። እኛም አገር ከአሚትሪፕቲሊን ጋር በብዛት ከሚታዘዙት ፀረ-ድባቴ መድኃኒቶች አንዱ ነው። ከወረቀቷ የማነበው አንዷን ክፍል ብቻ ነው፤ «ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር» የምትለውን።

አቋሜን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ወረቀቷ አትዋሽም። የጻፈችው በአብዛኛው ልክ ነው፤ ብዙ ሰውም አድናለች። ችግሯ ስም መዘርዘር እንጂ አሠራሩን መናገር አለመውደዷ ነው። ስለዚህ የሚፈራ አንባቢ ታፈራለች፤ የሚያውቅ አንባቢ ግን አታፈራም። ይሄ ደግሞ የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሰው ሕመም፣ አንዳንዴም ሕይወት አለበት።

ወፍጮ ቤቱ

መጀመሪያ ወረቀቷ የዘለለችውን እንሙላ። የዋጥነው መድኃኒት ሥራውን ጨርሶ እንዲሁ አይወጣም። ብዙዎቹ ክኒኖች ከውኃ ይልቅ ስብ ይወዳሉ፤ ኩላሊት በሽንት ሊያስወጣቸው ሲሞክር ሾልከው ወደ ደም ይመለሳሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ጉበት ቅርጻቸውን መለወጥ አለበት። ይህን ሥራ በብዛት የሚሠሩት ሳይቶክሮም ፒ450 የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። እንደ ሠፈር ወፍጮ ቤት አስቡት። አንዱ ወፍጮ ለጤፍ፣ አንዱ ለበርበሬ፣ አንዱ ለሽሮ። እያንዳንዱ መድኃኒትም ጉበት ውስጥ የሚሄድበት የራሱ ወፍጮ አለው፤ አንዳንዱ ከአንድ በላይ።

የዛሬው ዋና ባለታሪካችን ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። ስሙ ረጅም ስለሆነ 2ዲ6 እንበለው። በተለምዶ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ከአምስቱ አንዱ ያህል በዚህ ወፍጮ ያልፋል።

ፍሉኦክሴቲን ራሱም የ2ዲ6 ደንበኛ ነው። ግን አስቸጋሪ ደንበኛ። ይገባል፣ ቦታውን ይይዛል፣ ሌላውን ከበር ያቆማል። ዘመዱ ፓሮክሴቲን ደግሞ ይብሳል። እሱ ሲፈጭ የሚፈጠረው ውጤት ድንጋዩ ላይ ተጣብቆ ወፍጮውን ከነአካቴው ያቆመዋል። ጉበት አዲስ ኢንዛይም ሠርቶ እስኪተካ ቀናት መጠበቅ ግድ ነው።

ታዲያ ከበር የቆመው ሌላው መድኃኒት ምን ይሆናል? ነገሩ ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ጋ ነው።

አያታችሁ ለልባቸው ሜቶፕሮሎል ይወስዳሉ እንበል። ሜቶፕሮሎል እንደተዋጠ ይሠራል፤ 2ዲ6 የሚፈልገው ለመወገድ ነው። ወፍጮው ሲያዝ ጆንያው ግቢ ውስጥ ይከመራል። የሚውጡት ያው የተለመደው መጠን ነው፤ ደማቸው ውስጥ ያለው ግን በብዙ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። ልባቸው ከሚገባው በላይ ቀስ ብሎ ይመታል፣ ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል። አያታችሁ ግን «ዕድሜ ነው ልጄ» ብለው ያልፉታል።

አሁን ደግሞ ኮዴይንን ውሰዱ። ኮዴይን ያልተፈጨ እህል ነው። ራሱ ሕመም የማስታገስ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ከፊሉን 2ዲ6 ፈጭቶ ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው ሕመም የሚያስታግሰው። ትራማዶልም ዋናውን የሕመም ማስታገሻ ጉልበቱን የሚያገኘው በዚሁ ወፍጮ ነው። ወፍጮው በፍሉኦክሴቲን ተይዞ ሳለ ትራማዶል የዋጠ ሰው ሕመሙ በደንብ ላይታገስለት ይችላል። ከዚያም አልፎ ያልተፈጨው ትራማዶል ልክ እንደ ፍሉኦክሴቲን ሴሮቶኒንን ከፍ ያደርጋል፤ ሁለቱ ሲደራረቡ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ባስ ሲልም የሚጥል ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊያስከትሉ ይችላሉ። ሰውየው ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ክኒኑ አልሠራልኝም»። እና ምን ያደርጋል? አንድ ይጨምራል።

አያችሁ? የቆመው ያው አንድ ወፍጮ ነው። አንዱ ታማሚ መድኃኒት በዛበት፣ ሌላው መድኃኒቱን አጣ። በወረቀቷ ላይ ግን ሜቶፕሮሎልም ትራማዶልም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ከላይና ከታች የተቀመጡ ሁለት ስሞች ናቸው። ዝርዝሩን የሸመደደ ሰው ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለው መድኃኒት ምንም ሊጠይቅ አይችልም። አሠራሩን ያወቀ ሰው ግን ስለማንኛውም ክኒን «ይሄ የሚወገደው በየት ነው? ለመሥራትስ መፈጨት አለበት ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

«ሊቀንስ ይችላል» ስትል ምን ማለቷ ነው?

ወረቀቷ በጣም የምትወዳት ቃል አለች፤ «ይችላል»። ሊጨምር ይችላል፣ ሊቀንስ ይችላል፣ ሊያስከትል ይችላል። ሃያ ጊዜ «ይችላል» ያነበበ ሰው ሃያ አንደኛውን አይሰማም። የቱ «ይችላል» ሕይወት እንደሚነካ፣ የቱ ቀላል እንደሆነ አይለይም።

ታሞክሲፌንን እንመልከት። ለጡት ካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ ለዓመታት ይወሰዳል። እንደ ኮዴይን ሁሉ እሱም በ2ዲ6 አልፎ ኤንዶክሲፌን ወደሚባል በጣም ብርቱ ቅርጽ ይለወጣል። ካንሰር የያዛት ሴት ደግሞ ድባቴ ቢያገኛት የሚገርም አይደለም። ስለዚህ ሁለቱን መድኃኒቶች አብረው የሚወስዱ ሴቶች ጥቂት አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የካናዳ ተመራማሪዎች በኦንታሪዮ ታሞክሲፌን ከአንድ ፀረ-ድባቴ መድኃኒት ጋር የወሰዱ ከ2,400 በላይ ሴቶችን መረጃ አጥንተው በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳተሙ። ፓሮክሴቲን ከታሞክሲፌን ጋር አብሮ የተወሰደበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር በጡት ካንሰር የመሞት ዕድል ከፍ ብሎ ተገኘ። ዜናው ብዙ ሰው አስደነገጠ። በ2016 ግን እዚያው መጽሔት ላይ የወጣ፣ በአሜሪካ መረጃ ላይ የተሠራ ትልቅ ጥናት 2ዲ6ን አጥብቀው የሚያግዱትን ከሌሎቹ ጋር ሲያነጻጽር በሞት መጠን ላይ ልዩነት አላገኘም።

ታዲያ ማንን እንመን? እስቲ ረጋ ብለን እንየው። ፓሮክሴቲን የኤንዶክሲፌንን መጠን እንደሚቀንስ በደም ምርመራ ታይቷል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ያ ቅናሽ ወደ ሞት ያደርሳል ወይ የሚለው ነው። ሐኪሞች በብዛት የያዙት መንገድ አስተዋይ ነው፤ 2ዲ6ን ብዙም የማይነካ ሌላ ፀረ-ድባቴ መድኃኒት ካለ ለምን ዕድል እንሞክራለን? ይሄ ሁሉ ታሪክ «ሊቀንስ ይችላል» በምትል አንዲት ሐረግ ውስጥ ተቀብሯል። አንባቢዋ ሐረጓን አይታ ወይ በድንጋጤ አንዱን ክኒን ታቆማለች፣ ወይ ከነጭራሹ ትዘለዋለች። ሁለቱም አደጋ ነው።

ሁሉም አንድ አይደሉም

ሌላው የተለመደ ስሕተት ከወረቀቷ ይልቅ የእኛ ነው፤ የጋዜጠኞች፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ጸሐፊዎች፣ አንዳንዴም የመምህራን። «ፀረ-ድባቴ መድኃኒቶች ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫሉ» ብለን በጅምላ እንናገራለን። ግን ፀረ-ድባቴ መድኃኒት የሚለው ስም የሚነግረን ለምን እንደሚታዘዝ ነው፤ ጉበት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም።

ፍሉኦክሴቲንና ፓሮክሴቲን 2ዲ6ን አጥብቀው ይይዛሉ። ሲታሎፕራምና ቬንላፋክሲን በጥቂቱ ብቻ ይነካሉ። ሰርትራሊን በተለመደው መጠኑ ያን ያህል አያስቸግርም። ፍሉቮክሳሚን ደግሞ 2ዲ6ን ትቶ ጎረቤቱ ያለውን 1ኤ2 የሚባል ወፍጮ ያቆማል።

1ኤ2 የማን ወፍጮ እንደሆነ ታውቃላችሁ? የቡና! ካፌይን በዋናነት የሚወገደው በእሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ ፈቃደኞች ፍሉቮክሳሚን ሲወስዱ፣ ከጠጡት ካፌይን ግማሹ ከሰውነታቸው ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ከ5 ሰዓት ገደማ ወደ 31 ሰዓት ገደማ ተራዘመ። በእኛ ሰዓት ቁጠሩት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አቦሉን የጠጣ ሰው በተለመደው ጊዜ ቀን 7 ሰዓት ላይ ግማሹን ጨርሷል። ፍሉቮክሳሚን የሚወስድ ከሆነ ግን ግማሹ የሚወጣለት በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ቶናና በረካ፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ አቦል! እንቅልፍ አጥቶ፣ ልቡ እየደለቀ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ «ጭንቀቴ ባሰብኝ» ቢል ይፈረድበታል? ጭንቀት የመሰለው ቡናው ሊሆን ይችላል።

«ካቆምኩ ቆየሁ እኮ»

ወረቀቷ በጣም የምትደክመው ጊዜን ስትናገር ነው። «የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ይንገሩ» ትላለች፤ አንባቢ የሚረዳት ዛሬ በሚወስደው ልክ ነው። ፍሉኦክሴቲን ግን ዛሬ ስላቆማችሁት ዛሬ አይሄድም። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ሲያቆም ግማሹ ለመውጣት ከ4 እስከ 6 ቀን ይፈጃል። ጉበት ከፍሉኦክሴቲን የሚሠራው ኖርፍሉኦክሴቲን ደግሞ ግማሹ ለመውጣት እስከ 16 ቀን ሊፈጅበት ይችላል፤ እሱም 2ዲ6ን ያግዳል። እንግዳው ሄደ ስትሉ ልጁን ትቶባችሁ ሄዷል ማለት ነው።

ለዚህ ነው ሞኖአሚን ኦክሲዴዝ አጋጅ ወደሚባሉት መድኃኒቶች ከመሻገር በፊት 5 ሳምንት መጠበቅ ያለበት። ይህችን ቁጥር ወረቀቷ ትጽፋታለች፤ ልናመሰግናት ይገባል። ግን ምክንያቱን ስለማትነግረን እዚያች መስመር ላይ ብቻ ተወስና ትቀራለች። ምክንያቱን ብናውቅ ኖሮ ፍሉኦክሴቲን ካቆመ ሁለት ሳምንት የሆነው ሰው አሚትሪፕቲሊን ሲጀምር፣ ወይም ጥርሱን ተነቅሎ ትራማዶል ሲታዘዝለት፣ «ከሁለት ሳምንት በፊት እወስድ ነበር» ብሎ ይናገር ነበር።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም»

አንዳንዱ ሰው ይሄን ሁሉ ሲሰማ «በቃ ቅጠል ይሻለኛል» ይላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለቀላል ድባቴ የሚሸጥ ሴንት ጆንስ ወርት የሚባል ቢጫ አበባ ያለው ተክል አለ። ብዙ ቦታ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ይገዛል። ይሄ ተክል ወፍጮ አያቆምም፤ እንዲያውም ጉበት ተጨማሪ ወፍጮ እንዲተክል ያዛል፤ በተለይ 3ኤ4 የሚባለውን። ውጤቱ ሌላው መድኃኒት ሥራውን ሳይጨርስ ተፈጭቶ ማለቁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ሁለት ዘገባዎች ይህን አሳዩ። በአንደኛው ኢንዲናቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት በጤነኛ ፈቃደኞች ደም ውስጥ በ57 በመቶ ቀነሰ። በሌላው ዙሪክ ውስጥ ልብ የተተከለላቸው ሁለት ታማሚዎች ተክሉን ከጀመሩ በኋላ፣ ሰውነታቸው አዲሱን ልብ እንዳይቃወም የሚከላከለው ሳይክሎስፖሪን መጠኑ ወርዶ ሰውነታቸው ልቡን መቃወም ጀመረ። የእርግዝና መከላከያ ክኒንም በዚሁ መንገድ ሊዳከም ይችላል። ተክል መሆኑ ጉበትን አያታልለውም። ጉበት የሚያየው ሞለኪውል ነው።

የማን ሰውነት?

ወረቀቷ ለ«አዋቂ ሰው» ትጽፋለች። ይሄ «አዋቂ ሰው» ግን ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ ሮበርት ስሚዝ የሚባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ዴብሪሶክዊን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ራሳቸው ላይ ሞከሩ። ሌሎቹ ደህና ሆኑ፤ የእሳቸው የደም ግፊት ግን መቆም እስኪያቅታቸው ወረደ። ምክንያቱ ሲፈለግ ጉበታቸው መድኃኒቱን በደንብ እንደማይፈጭ ታወቀ። የ2ዲ6 ልዩነት በዘር እንደሚወረስ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር 122 ኢትዮጵያውያንን አጥንተው 29 በመቶ ያህሉ የ2ዲ6 ዘረመላቸው ተባዝቶ አገኙት። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከመቶ አንድ ሁለት ሰው ላይ የሚገኝ ነው። በወፍጮ ቤት ቋንቋ፣ ከእኛ ብዙዎቻችን ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ወፍጮ ጎን ለጎን ተክለናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ኮዴይን ቶሎና በብዛት ሞርፊን ሊሆንበት ይችላል፤ በ2ዲ6 የሚወገድ መድኃኒት ደግሞ ቶሎ ሊያልቅበት ይችላል። ፍሉኦክሴቲን ሲጀምር ፈጣኑ ጉበት ይዘገያል፤ ሲያቆም በሳምንታት ውስጥ ወደ ፍጥነቱ ይመለሳል። ዘረመሉ አልተለወጠም፤ የጉበቱ ጠባይ ግን ሁለት ጊዜ ተለዋወጠ።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ጥናታቸው፣ ዘረመላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ስዊድን ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ይልቅ አገር ቤት የሚኖሩት ዴብሪሶክዊንን ቀስ ብለው እንደሚፈጩ ታየ። ከዘር ሌላ አካባቢም ድርሻ አለው ማለት ነው። ስለዚህ «አዋቂ ሰው» የሚባለውን አማካይ ሰው በመንገድ ላይ አታገኙትም። ወረቀቷ ይህን ብታምን ምን ነበረበት?

መንገር ቀላል ቢሆን ኖሮ

የመጨረሻው ትችቴ በጣም ለምታምርባት ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ለሐኪምዎ ወይም ለፋርማሲስትዎ ይንገሩ»። ሳይንሱ ሁሉ እዚህች ላይ ነው የተንጠለጠለው። ታዲያ ማን ይናገራል? እኛ አገር ሰው የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት እንደሚወስድ ሠርግ ላይም ያወራል። የድባቴ መድኃኒት እንደሚወስድ ግን ለእናቱም ላይናገር ይችላል። ከኋላው ሰልፍ ባለበት የመድኃኒት መደብር መስኮት ላይ ቆሞ፣ ጎረቤቱ እየሰማው፣ «ፍሉኦክሴቲን እወስዳለሁ» ይላል? ዝም ይላል። ትራማዶሉን ይዞ ይሄዳል።

በውጭ ላሉት ወገኖቻችንም ያው ነው። ለወላጆቹ በሐኪም ፊት የሚያስተረጉመው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፤ እናት ደግሞ በልጇ አፍ «ድባቴ አለብኝ» ማለት ይከብዳታል። ዝምታው ከወፍጮው ድንጋይ ይልቅ ይከብዳል። ወረቀቷ «ይንገሩ» ስትል መናገር የሚያሳፍር ነገር እንዳይደለ አንድ መስመር ብትጨምር ከዝርዝሩ ግማሽ ይበልጥ ትጠቅም ነበር።

ወረቀቷን እኔ ብጽፋት ኖሮ በትልቅ ፊደል እንዲህ እጀምራት ነበር፦

«ይህ መድኃኒት ሌሎች መድኃኒቶች የሚያልፉበትን የጉበት መንገድ ይይዛል። ስለዚህ አንዳንዱ መድኃኒት ይበዛብዎታል፣ አንዳንዱ አይሠራልዎትም። ይህ ካቆሙ በኋላም ለሳምንታት ይቆያል። አዲስ ክኒን፣ የባህል መድኃኒት ወይም ቅጠል ሲጀምሩ ይጠይቁ። ስሙን መናገር ካሳፈረዎት ይህችን ወረቀት ዝም ብለው ያሳዩ። በራስዎ ውሳኔ ግን አያቁሙ፤ ድባቴውም ሕክምና የሚገባው ሕመም ነው።»

ስድስት ዐረፍተ ነገር ናት። ቀሪውን ዝርዝር ከሥር በትንሽ ፊደል ያስቀምጡት፤ ለባለሙያው ያስፈልገዋል።

እስከዚያው ድረስ ቤት ውስጥ ያለችውን ወረቀት አትጣሏት። ለአያታችሁ፣ ለእናታችሁ፣ ለጓደኛችሁ ክኒን ስትገዙ ከሣጥኑ አውጧትና አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አንብቧት። እያንዳንዱ ስም ጋ ስትደርሱ «ይሄኛው ሊበዛ ነው ወይስ ሊጠፋ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካላገኛችሁት ጥያቄውን ይዛችሁ ወደ ፋርማሲስቱ ሂዱ። ሰው ከበዛበት ደግሞ ጠጋ ብላችሁ በዝግታ ማነጋገር ትችላላችሁ።